ከሰማይ የታየች ምድር፤ ስለ ሁለት የበረራ መጻሕፍት የቀረበ ሐተታ

የመንገድ ታሪክ በማናቸውም ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የቈየ ስፍራ አለው። በእግሩም ሆነ በበቅሎ ወይም በመርከብ የተጓዘ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ያየውን ይናገራል፤ ጽሕፈት የሚያውቅ እንደ ሆነም ይጽፈዋል። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ያሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት መልካም ምስክር ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ግን በዓለም ላይ አንድ አዲስ መንገደኛ ተነሥቷል፤ ይኸውም ከጓደኛው ጋር በትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከአገር ወደ አገር፣ ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም የሚበር መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የጻፈው መጽሐፍ በምን ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐተታ ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ሚዛኑን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በአገራችን ባላገር ዘንድ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውንም ያቀርብለታል። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ይጀመራል፤ አገር ይጠያየቃሉ፤ ስምም ይነጋገራሉ። በማግሥቱ እንግዳው መርቆ ሲሄድ በማን ቤት እንዳደረ ያውቃል፤ አገሩም ሲገባ ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ብቻ ሳይሆን፣ እገሌ የሚባል ደግ ሰው አሳደረኝ ብሎ ያወራል። እኛም የበረራን መጽሐፍ የምንመዝነው በዚሁ ልማድ ነው። ደራሲው ከፍ ብሎ ምን አየ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ዝቅ ብሎ ማንን አወቀ ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መጻሕፍትን መርጠናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት፣ ዓ. ም. ካላልን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አንደኛው ፈረንሳዊው አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ በ1939 ያሳተመው «የሰዎች ምድር» ነው። ይህ ደራሲ በ1943 ባወጣው «ትንሹ ልዑል» በብዙ አንባቢ ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በኬንያ ያደገችው ቤሪል ማርክሃም በ1942 ያሳተመችው «ከሌሊት ጋር ወደ ምዕራብ» የተባለው ነው። የፊተኛው ገና እንደ ታተመ ከፈረንሳይ አካዳሚ ሽልማት ተቀበለ፤ የኋለኛው ግን ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቈይቶ በ1983 እንደገና ሲታተም ታላቅ ዝና አገኘ። ሁለቱም ሁለት ጓደኛሞች በትንሽ አውሮፕላን ያደረጉትን ረጅም ጉዞ ይተርካሉ፤ ሁለቱም ጉዞዎች የሰሜን አፍሪካን በረሓ የነኩት በጥቂት ወራት ልዩነት ነው።

በ1935 ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሴንት ኤግዙፔሪና መካኒኩ አንድሬ ፕሬቮ «ሲሙን» በምትባል አነስተኛ አውሮፕላን ከፓሪስ ተነሡ፤ አሳባቸው ሳይጎን መድረስ ነበር። ነገር ግን ሌሊቱ ሳይነጋ፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ሳሉ፣ ከናይል ወንዝ በስተ ምዕራብ ካለው በረሓ ላይ ወደቁ። መሬቱ በክብ በክብ ጠጠር የተሸፈነ በመሆኑ አውሮፕላኗ እየተንሸራተተች ሄደች፤ ሁለቱም ከሞት ተረፉ። የውኃው ዕቃ ግን ተሰብሮ ውኃውን አሸዋ ጠጣው። የቀራቸው ግማሽ ሊትር ቡና፣ ሩብ ሊትር የወይን ጠጅና ጥቂት ወይን፣ በኋላም ከስብርባሪው መካከል ያገኟት አንዲት ብርቱካን ብቻ ነበር። ብርቱካኗን እኩል ተካፈሏት።

የመጽሐፉ ታላቅ ኃይል በዚህ ምዕራፍ ይገለጣል። ደራሲው ጥማትን ሲጽፍ ቃላትን አያበዛም፤ ምላስ ሲደርቅ፣ ዓይን የሌለውን ሐይቅ ሲያይ፣ እግር ያለ አሳብ ሲራመድ በተራ በተራ ያሳየናል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የጓደኝነቱ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች በረሓ ላይ ወድቀው ሳሉ ስለ ራሳቸው አያለቅሱም፤ የሚያለቅሱት በቤታቸው ሆነው ለሚጠብቋቸው ነው። ደራሲው ይህን ስሜት ቀደም ብሎ ስለ ወዳጁ ስለ አንሪ ጊዮሜ በጻፈው ታሪክ አዘጋጅቶታል። ጊዮሜ በ1930 በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ በበረዶ ተይዞ ወደቀ፤ አምስት ቀንና አራት ሌሊት በበረዶው ላይ ተራምዶ ዳነ። ያራመደውም ሚስቱና ጓደኞቹ እየተራመደ ነው ብለው እንደሚያምኑ ማሰቡ ነበር። ሴንት ኤግዙፔሪ ራሱ አምስት ቀን ሙሉ ከሰማይ ሆኖ ፈልጎት አላገኘውም። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበል። ወዳጅ ወዳጁን ፈልጎ ከላይ ሆኖ ማየት ካልቻለ፣ ከላይ የሚታየው ነገር ምን ያህል ጐደሎ እንደ ሆነ ደራሲው ራሱ መስክሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ነቀፌታችንን የምናቀርበው መጽሐፉን ስለምናከብረው ነው። ሁለቱን የተጠሙ ሰዎች ያዳናቸው በግመል ያልፍ የነበረ አንድ ዘላን ዓረብ ነው። እጁን በትከሻቸው ላይ አደረገ፤ ውኃም አጠጣቸው። ደራሲው ለዚህ ሰው ከፍ ያለ ምስጋና ያቀርባል፤ ነገር ግን በዚያው ምስጋና ውስጥ ፊቱን እንደማያስታውሰው፣ ለእርሱ የሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ እንደ ሆነ ይናገራል። ብዙ ተቺዎች ይህን የመጽሐፉ ጫፍ ያደርጉታል። አንድን እረኛ በሰው ልጅ ሁሉ ፋንታ ማቆም ታላቅ ክብር ነው የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። እኛ ግን በደጃፉ ልማድ ስንመዝነው አንድ ነገር ይጐድለዋል። ፕሬቮ ስም አለው፤ ጊዮሜ ስም አለው፤ መጽሐፉም የተበረከተው ለጊዮሜ ነው። ውኃ የሰጠው ብቻ ስም የለውም። የተጠማ ሰው በዚያች ሰዓት ስም ሊጠይቅ አይችል ይሆናል፤ መጽሐፉ የተጻፈው ግን ጥማቱ ከረካ በኋላ ነው።

ይህ እንዲያው ድንገተኛ አለመሆኑን የሚያሳየን የባርክ ታሪክ ነው። አብራሪዎቹ በምዕራብ ሰሐራ በኬፕ ጁቢ ሳሉ ባርክ የሚባል ባሪያ ነበር። ባርክ ማለት በዚያ ስፍራ ለባሮች ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው፤ ሰውዬው ግን የማራኬሽ ተወላጅ እንደ ሆነና እውነተኛ ስሙ መሐመድ እንደ ሆነ አልረሳም ነበር። ደራሲውና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው ነጻ አወጡት፤ በአውሮፕላንም ወደ አጋዲር ላኩት። እርሱም በተሰጠው ገንዘብ ለድኻ ልጆች በወርቅ ክር የተጠለፈ ጫማ ገዝቶ አደለ። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ ገጽ የለም፤ ለሰው የሚያስፈልገው ነጻነት ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውና የሚያስፈልገው ወገን ጭምር መሆኑን ያስተምራል። ቢሆንም ደራሲው የሰውዬውን ስም ነግሮን ሲያበቃ፣ እስከ ታሪኩ ፍጻሜ ድረስ የሚጠራው ባርክ እያለ ነው። ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ስሙ ግን በድርሰቱ ውስጥ አልተፈታም።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንለፍ። ቤሪል ማርክሃም የመጽሐፏን ስም ያገኘችው በ1936 መስከረም ወር ብቻዋን ከእንግሊዝ ተነሥታ አትላንቲክን ተሻግራ ካናዳ ከደረሰችበት በረራ ነው። እኛን የሚመለከተን ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት ከስዊድናዊው አዳኝ ከብሮር ብሊክሰን ጋር ከናይሮቢ ወደ ሎንዶን ያደረገችው ጉዞ ነው። ሁለቱ ወዳጆች በትንሽ አውሮፕላን የናይልን ሸለቆ ተከትለው ካይሮ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሊቢያን ለማለፍ የኢጣልያን ፈቃድ መጠበቅ፣ በድንበሩ ምሽግም ወርደው መመርመር ግድ ሆነባቸው። ደራሲዋ የፋሽስቱን ሹማምንት ትዕቢትና የወረቀታቸውን ብዛት በሚያስቅ አነጋገር ትተርካለች። በቤንጋዚ ከተማ ማደሪያ ጠፍቶ በአንድ የተዋረደ ቤት ባደሩባት ሌሊት፣ የቤቱ ጠባቂ ሴት በልጅነቷ ከአገሯ ተሰርቃ እንደ ተወሰደች ስትነግራቸው ሁለቱ መንገደኞች ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ይህ መልካም ገጽ ነው፤ የሰማይ መንገደኛ ምድር ላይ ተቀምጦ የሌላውን ታሪክ ሲሰማ ያሳየናልና።

ማርክሃም ከፈረንሳዊው ደራሲ የምትሻልበት አንድ ነገር አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገው የናንዲ ተወላጅ፣ በልጅነቱ ኪቢ፣ ካደገ በኋላ አራፕ ሩታ የተባለው ሰው፣ በመጽሐፏ ውስጥ በስሙ ይመላለሳል፤ ይናገራል፤ ይመክራል። ከዚህም በላይ በልጅነታቸው ጐን ለጐን ይሄዱ የነበሩት ሁለት ጓደኞች ካደጉ በኋላ እርሱ ከኋላዋ እንዲሄድ መደረጉን አልደበቀችም። ነገሩን ግን አሳዝኖኛል ብላ ታልፈዋለች እንጂ ማን እንዲህ እንዳደረገው አጥብቃ አትጠይቅም። ከአውሮፕላኗ ወንበር አጠገብ የሚቀመጠው ጓደኛ አንድ ዓይነት ነው፤ በሜዳው ቆሞ መብራት አብርቶ የሚጠብቀው ጓደኛ ሌላ ዓይነት ነው። ይህን ልዩነት አይታ መጻፏ ምስጋና ይገባዋል፤ አይታ ማለፏ ደግሞ የመጽሐፉ ጉድለት ነው።

አሁን የኢትዮጵያ አንባቢ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ሲያነብ የሚያስታውሰውን ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግዴታችንን ያጐደልን ይመስለናል። «ሲሙን» ከፓሪስ ከመነሣቷ ጥቂት ሳምንት በፊት፣ በ1935 ታኅሣሥ 6 ቀን፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴ ከተማን ደበደቡ፤ ሆስፒታልም አልተረፈም። በዚያው ወር በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጢስ ይወርድ ጀመረ። ማርክሃምና ብሊክሰን በመጋቢት 1936 ሊቢያን ሲያቋርጡ ደግሞ አባቶቻችን በማይጨው ግንባር ነበሩ። እንግዲህ በእነዚያው ወራት፣ በዚያው ክፍለ ዓለም፣ ሰማይ ለአንዱ የነጻነት ጐዳና፣ ለሌላው የሞት ደጅ ነበር። ደራሲዎቹን በዚህ አንከስሳቸውም፤ ቦምብ የጣሉት እነርሱ አይደሉም። ነገር ግን መሣሪያው አንድ ነው። ከላይ ሆኖ ሲታይ መንደር ነጥብ፣ ሰው ጕንዳን ይመስላል። ነጥብ የሚመስለውን ሰው ስሙን ለማወቅ የሚወርድ አብራሪ ወዳጅ ይሆናል፤ ማወቅ የማይፈልግ አብራሪ ግን ያሻውን ሊጥልበት ይችላል። የስምን ነገር አጥብቀን የያዝነው ስለዚህ ነው፤ የአጻጻፍ ጌጥ ጕዳይ ብቻ ሆኖ አይደለም።

ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2016 በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በተሠሩ አሮጌ አውሮፕላኖች ከቀርጤስ ደሴት ወደ ኬፕ ታውን የተነሡ መንገደኞች በኅዳር ወር ጋምቤላ ሲያርፉ፣ ያለ ፈቃድ የኢትዮጵያን አየር ጥሰዋል ተብለው ለጥቂት ቀን ከቈዩ በኋላ ተለቀቁ። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት ከምድሩ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ስላጸና፣ ዛሬ ሰማይም ደጅ አለው፤ መንገደኛም ከደጁ ቆሞ «ቤቶች» ማለት አለበት። የፈቃዱ ክርክር የባለ ሥልጣኖች ነው። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እነዚያን ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች በሜዳው ቆሞ ያያቸው የጋምቤላ ሰው ምን አሰበ? የአብራሪው መጽሐፍ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ሊነግረን የሚችለው ያ ሰው ራሱ ነው።

ስለዚህ ሐተታችን በነቀፌታ ብቻ ሊፈጸም አይገባውም። በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን «ፖቴዝ 25» ነበረች፤ ጊዮሜ በአንዲስ በረዶ ላይ የወደቀባትም ያው ዓይነት አውሮፕላን ናት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። እንግዲህ ሰማዩ ለእኛ የባዕድ አይደለም፤ ከላይም ከታችም አይተነዋል። ከታች ሆኖ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ወደ ዋሻ የሸሸ አባት ልጅ፣ በኋላ ራሱ መሪውን ጨብጦ የበረረባት አገር ናት። ሁለቱን ዕይታ በአንድ መጽሐፍ ማስማማት ለሚችል ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ርእሰ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

መምህራን እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ለተማሪዎቻቸው ቢያስነብቡ ትልቅ ጥቅም እንዳለው እናምናለን፤ የጓደኝነትን ጽናትና የጠራ አጻጻፍን ከእነርሱ መማር ይቻላልና። ተማሪውም ካነበበ በኋላ በየአካባቢው ወዳሉት ሽማግሌዎች ሄዶ የመጀመሪያይቱን አውሮፕላን መቼ እንዳዩ፣ ምንስ እንዳሰቡ ጠይቆ ይጻፍ። ሲጽፍም የተናገረውን ሰው ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀምጥ።