የቀሩት 20 ፈረሶች

የመጀመሪያውን ሞተር ያወረድሁት በስሕተት ነው። መኪናው ሲሪስ ስሪ ላንድሮቨር፣ ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን፣ 2286 ሲሲ። ባለቤቱ ከአለም በር ወደ ደብረ ታቦር ያለው ዳገት እየከበደው ነው ብሎ አመጣልኝ። አይጨስም፣ ዘይት አይበላም፣ ድምፁም ደህና ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ የኮምፕሬሽን መለኪያ ከተትሁ። አራቱም ሲሊንደሮች 108፣ 110፣ 109፣ 110 ፒ.ኤስ.አይ አሉ። በእጄ የነበረው ሠንጠረዥ 150 ይላል። “ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል” ብዬ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተሩን ግቢዬ መሬት ላይ አሳረፍሁት።

ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ሳነሣ ሲሊንደሮቹ ላይ ከፋብሪካ የወጣው የተሻገረ ጭረት ገና ይታያል። ፋሻው ጤነኛ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) በራሴ ኪሳራ ገዝቼ ዘጋሁትና ለባለቤቱ መለስሁለት። ዳገቱ እንደ ፊቱ ከበደው።

አራቱ ሲሊንደሮች እኩል መውረዳቸው ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ሞተር ሲያልቅ እኩል አያልቅም። አንዱ ሲሊንደር 110 ብሎ ሌላው 80 ይላል። አራቱም አንድ ላይ ካነሱ ግን ጥፋቱን ከሞተሩ ውጪ መፈለግ ነው። ያነሰው አየሩ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበው አየር ከመነሻው የሳሳ ነውና ሲጨምቀውም ያንኑ የሳሳውን ነው የሚጨምቀው። ሒሳቡ ቀላል ነው። መለኪያው ባሕር ጠለል ላይ 150 ካሳየ የውጩን ግፊት 14.7 እንጨምርበታለን፣ 164.7። በ0.72 ስናባዛው 118.6 ይመጣል። ከዚያ ላይ የደብረ ታቦርን የውጭ ግፊት 10.6 ስንቀንስ 108 ይቀራል። እኔ በሽታ ያልሁት ቁጥር ለካ የጤናው ቁጥር ኖሯል።

ያ ሞተር አዲስ ሳለ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። በግርድፍ ስሌት ደብረ ታቦር ሲደርስ የሚቀረው 50 ነው። ከጎደሉት 20 ፈረሶች 14ቱ ከዳገቱ ግርጌ ያለችው ወረታ ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ 6ቱን ደግሞ ከወረታ ወዲህ ያለው ዳገት አስቀርቷቸዋል። ማንም መካኒክ ፈትቶ አይመልሳቸውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝሁ። የጥገና መጽሐፍ ስከፍት እያንዳንዱን ቁጥር “አንተ ከፍታ ታውቃለህ?” ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ቁጥር ያውቃል። ኮምፕሬሽን፣ የካርቡራቶር ቀዳዳ፣ የእሳት አሰጣጥ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአገሩ ጋር አብረው ይለወጣሉ። የብሮንዝ ክፍተት፣ የፋሻ ጫፍ ክፍተት፣ የብሎን ማጥበቂያ፣ ፑንቴሪያ (የቫልቭ ክፍተት) ግን ለንደንም ደብረ ታቦርም ጉና ተራራ ላይም ያው ናቸው። እኛ መካኒኮች የምንሳሳተው እያገላበጥን ነው። የማይለወጠውን “እጄ ያውቀዋል” ብለን በግምት እንሠራዋለን፤ የሚለወጠውን ደግሞ ከመጽሐፉ ካልገጠመ ብለን ደህና ሞተር እናወርዳለን።

ባለፈው ክረምት ያወረድሁት የራሴን ነው፤ ረጅሙን ባለ 109 ኢንች ላንድሮቨር። ይኸኛው በእውነት አልቆ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ መለኪያው ላይ አንዱ ሲሊንደር 70 ነው። የሠራሁት ጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ ግቢዬ ነው። ሦስት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸው ላይ አስሬ፣ ባለ ሰንሰለት ማንሻ ሰቅዬ ነው ያወጣሁት። ከ2 ኩንታል የማያንስ ብረት ነውና ግንዶቹ እግራቸው እንዳይንሸራተት መሬቱን ቆፍሮ መትከል ያስፈልጋል። ማንሻው በኪራይ የመጣ ነው፤ ግንዶቹ ኋላ ለአጥር ሆኑ።

ወቅት መምረጥም ሥራ ነው። በበጋ አቧራ አለ፤ የተከፈተ ሞተር ላይ አቧራ ማለት አሸዋ ወረቀት ማለት ነው። በክረምት አቧራው ይተኛል፤ ከጉና የሚመጣው ጭጋግ ግን እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። አዲስ የተቦረቦረ ሲሊንደር ዘይት ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ክረምቱን እመርጣለሁ። ዝገትን ዘይት ይከለክለዋል፤ አቧራን የሚከለክል ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ የእኛ መካኒክ የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ። ጣሊያን ከወጣ 80 ዓመት አልፎታል፤ ቃሉ ግን ግራሶ ውስጥ ተቀብቶ ቀርቷል። ላንድሮቨር ደግሞ እንግሊዝ ነው፤ ብሎኑ በኢንች ነው። የ9/16 ብሎን 14.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ቁጥር ቁልፍ አይገባበትም፤ 15 ቁጥር ገብቶ ጥጉን ይበላዋል። የ1/2 ኢንቹ 12.7 ነው፤ 13 ቁጥር ይገባል፤ ግን ይጫወታል፤ ጠንከር ያለ ዳዶ ከሆነ ክብ ያደርገዋል። በብዙ እጅ ያለፈ ላንድሮቨር መሆኑን የማውቀው ከዳዶዎቹ ነው፤ ስድስት ማዕዘኑ ክብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከመነሻው የኢንች ቁልፍ ሳልይዝ ብሎን አልነካም።

ሞተር ሲፈታ የመንገዱን ታሪክ ይናገራል። መኪናዬ ወደ እብናት ብዙ ተመላልሳለች፤ መንገዱ የጠጠር ነበር። የአየር ማጣሪያዋ ዘይት የሚሞላበት ዓይነት ነው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ እንዲቀር። ዘይቱ በየጊዜው ካልተለወጠ ጭቃ ሆኖ ሥራውን ያቆማል። የእኔም ጭቃ ሆኖ ነበር፤ የማን ጥፋት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ሲሊንደሩ ከአናቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ላይኛው ፋሻ በሚቆምበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ አወጣ። ከታች ሰፊ አይደለም፤ ከላይ ሰፊ ነው። ስለዚህ የሚለካው ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ነው፤ በየቦታውም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሞተሩ ርዝመት፣ አንዴ በስፋቱ። አንድ ቦታ ለክቶ “ይሄ ነው” የሚል ሰው አልለካም። የእኔ በጣም የሰፋው 0.3 ሚሊ ሜትር ነበር። የመጀመሪያው ልክ 90.47 ነውና ወደ 0.5 ትልቅ ፒስተን፣ 90.98 ገደማ፣ መሄድ ግድ ሆነ።

ብሎኩን ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ወሰድሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ፒስተኑን ሳትይዙ ብሎክ አትላኩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስም ነው፤ የሚቦረቦረው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነው፣ እያንዳንዱ ለየራሱ። እኔ አንድ ጊዜ “ፒስተኑ ኋላ ይመጣል” ብዬ ልኬ፣ ፒስተኑ ሲመጣ እንደ ማሰሮ ክዳን ተንቀጫቀጨ።

ብሎኩ ጎኑ ላይ ከቅርጽ ሲወጣ የቀረ መስመር አለው፤ ሁለቱ የአሸዋ ቅርጾች የተጋጠሙበት ስፌት። እሱን ባየሁ ቁጥር ጋፋት ትዝ ይለኛል። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አስቀልጠው ያሠሩት እዚያ ነው፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ። ከሠሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ መድፍ ሠሪ ሆነው የመጡ አይደሉም፤ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ስለ አፈሩ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ እሳቱ ልክ የሚነግራቸው የጋፋት መጽሐፍ አልነበረም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ አደረሱት። ስለ ዳገት የሚያማርር የላንድሮቨር ባለቤት ሲመጣብኝ ይኼን አነሣለታለሁ፤ ደስ አይለውም።

ብሎኩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ንጹሕ ይመስላል። አይደለም። ሲሊንደሩን ያለሰለሰው የድንጋይ ብናኝ ብረቱ ጭረት ውስጥ ተደብቋል። ነጭ ጋዝ ቅባቱን ያጥባል፤ ብናኙን ግን አያወጣም። የሚያወጣው ሙቅ ውሃና ኦሞ ነው፣ በብሩሽ፣ ደጋግሞ። መጨረሻውን የማውቀው በነጭ ጨርቅ ነው፤ ባለቤቴ ያረጀ ነጠላ ቀዳ ሰጠችኝ። ስጠርግበት ግራጫ ካወጣ እንደገና አጥባለሁ። አምስት ጊዜ አጠብሁት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው በጨርቅ አድርቄ ዘይት ቀባሁት፤ ከዚያ በፊት ቡና እንኳ አልጠጣሁም።

የሚረዳኝ የጎረቤት ልጅ አለ፤ እጁ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥት ላይ ገና ነው። ፋሻዎቹን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሊያለብስ ሲል አስቆምሁት። መጀመሪያ ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፤ በፒስተኑ አናት ቀጥ ብሎ ይገፋል፤ ከዚያ የጫፎቹ ክፍተት በስስ ምላጭ ይለካል። ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር እፈልጋለሁ። ከጠበበ፣ ፋሻው ሲሞቅ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይዞ ይሄዳል። “ጋሼ፣ አዲስ ዕቃ አይደለም እንዴ?” አለኝ። ከአንድ ካርቶን ከወጡት አንዱ 0.2 ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ዝም ብሎ ሞረድ አነሣ።

ቴስታታው ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ክርክር። የቤንዚኑ ሞተር የቴስታታ ብሎን ማጥበቂያ 65 ፓውንድ ፉት ነው፣ 9 ኪሎ ግራም ሜትር። የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍ ከሌለ? 9 ኪሎ ግራም ሜትር ማለት እኮ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ጫፉ ላይ በ9 ኪሎ ሲጎተት ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ቱቦ አጥልቀን፣ ከብሎኑ መሐል አንድ ሜትር ለክተን፣ ቅቤ ነጋዴ የምትይዘውን ባለ ሞላ ሚዛን እዚያ አንጠለጠልን። ዘንጉ ቀጥ ባለ ማዕዘን እስከተጎተተ ድረስ ሚዛኑ አይዋሽም። ከመሐል ጀምረን ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፤ 4፣ 7፣ 9።

ፑንቴሪያው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሠራሩ ያምራል። ቫልቮቹ 8 ናቸው። 1ኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 8ኛው ይስተካከላል፤ 3ኛው ሲከፈት 6ኛው። ሁልጊዜ ድምሩ 9 ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን ሁሉ ሲደምር ያደረ ይመስለኛል።

ቴርሞስታት ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። እዚህ አገር ሞተር ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ቆላ ላይ የሚሉት ይኑራቸው፤ ደብረ ታቦር ጠዋት ብርድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እስከ ጋሳይ ድረስ ሳይሞቅ ይሄዳል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱን ከሲሊንደሩ እያጠበ ያወርዳል። ነቅላችሁ ከመጣል ድስት ውስጥ ሞክሩት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 82 ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት ሳይፈላ መከፈት አለበት። ፈልቶ ካልተከፈተ ያን ጊዜ ጣሉት። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት መያዝ አለበት፤ 91 ላይ የሚፈላ ውሃ ይዞ ዳገት መውጣት አይሆንም።

መኪናዬ መስከረም ሲጠባ ተነሣች። ሥራ ፈት አድርጌ አላሞቅኋትም፤ አዲስ ፋሻ የሚላመደው ሸክም ሲያገኝ ነው። ወደ አለም በር ወርደን፣ ዞረን፣ ዳገቱን በ3ኛ ማርሽ ሳንጨክን ወጣን። ካንዴላውን ፈትቼ ሳይ ጥቁር ጥላሸት ነው፤ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቷል። ካርቡራቶሩ ላይ አንድ ቁጥር ጠበብ ያለ ቀዳዳ ገጠምሁ። ማታ ሞተሩ ሲበርድ ፑንቴሪያውን እንደገና ለካን።

በሦስተኛው ቀን ልጁ መለኪያውን ይዞ መጣ። ከተተ፣ አስነሣ፣ ጻፈ፦ 111፣ 110፣ 112፣ 110። ፊቱ ጠቆረ። “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ተለፍቶ?” አለ። ወረቀቱን አገላብጬ እርሳሱን ሰጠሁት። በመጽሐፉ 150 ላይ 14.7 ጨመረ፣ በ0.72 አባዛ፣ 10.6 ቀነሰ። ቆይቶ “ባሕር ዳር ላይ ቢሆንስ?” አለኝ። “120 አካባቢ” አልሁት። አላመነኝም። ቅዳሜ ዕለት ልንለካ አብረን ወረድን።