ጨዋታ የጠፋበት ቤት

ሩሲያዊቷ ኦልያ ሊያሊና እ.ኤ.አ. በ1996 ለኢንተርኔት የሠራችው «ፍቅረኛዬ ከጦርነት ተመለሰ» የተሰኘ ሥራ አለ። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ብዥ ያለ የወንድና የሴት ምስል፣ አንዲት መስኮት፤ ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር የለውም። ተመልካቹ ቃሉን ወይም ምስሉን በማውስ ሲጫን ክፈፉ ይሰነጠቅና ሌላ ቃል ይመጣል። ጥርጣሬ፣ ማስተባበያ፣ የጋብቻ ጥያቄ በየክፈፉ ብቅ ይላሉ። የትኛውን ማን እንደተናገረው ግን በግልጽ አይነገርም። ቀስ በቀስ ክፈፎቹ እየጠበቡ፣ እየጨለሙ ይሄዳሉ።

«ይህማ የኮምፒዩተር ጨዋታ እንጂ ኪነጥበብ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እኔም ሥራውን ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ተናጋሪውን ለመለየት እሞክራለሁ፤ አንዱን ክፈፍ ስከተል ሌላው ያመልጠኛል። ነገር ግን ይህ ብስጭት ከታሪኩ ውጭ የቆመ አይደለም። ሁለቱ ሰዎችም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መደማመጥ አቅቷቸዋል። ታሪኩ በወረቀት ላይ በተራ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ጊዜ የሰማነው ወሬ በሆነ ነበር። እዚህ ግን ንግግሩን የሚበጣጥሰው የራሴው ጣት ነው። ስለዚህ አስቸጋሪነቱ ለጌጥ የተጨመረ አይመስለኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የጦርነቱ ስም አለመጠቀሱ ሥራውን ልጆቹን ከግንባር ለተቀበለ ሕዝብ ሁሉ ቅርብ ያደርገዋል፤ የእኛም አንባቢ ባዳ አይሆንበትም። ሆኖም ወታደሩ ጥላ ሆኖ ቀርቷል። በግንባር ያየው፣ ያደረገው ነገር አንድም ክፈፍ አላገኘም። ያም ሆኖ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላም ያ ጨዋታ የጠፋበት ቤት አላረጀም።