ምሕረት ከእርሻው ዳር
የኦሪትን የመሬት ሕግ ስለ ማንበብ

ስለ ኦሪት ሕግ ሲነሣ አንባቢ ቸኩሎ ከሁለት አንዱን ይፈርዳል። አንዱ ወገን «የበቀል መጽሐፍ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «የድኻ አባት ነው» ብሎ ያሞግሰዋል። ለእኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ምሕረት በሕጉ ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ ሳያዩ ያለፉ ይመስለናል። ቦታው ችሎት አይደለም። እንዲያውም ዳኛው ለባለጠጋ እንዳያደላ እንደ ተከለከለ ሁሉ ለድኻም እንዳያደላ ተከልክሏል። ምሕረቱ ያለው ከእርሻው ዳር፣ ከአበዳሪው መቆሚያና ከዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው።

ከእርሻው እንጀምር። ባለማሳው አጨዳ በደረሰ ጊዜ ዳርና ዳሩን አሟጦ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውን እንዳይለቅም፣ ረስቶት የሄደውንም ነዶ ሊያነሣ እንዳይመለስ ታዟል። ያ ሁሉ ለመጻተኛው፣ ለሙት ልጅና ለመበለቲቱ ነው። እዚህ ላይ ግሡን ልብ እንበል። ሕጉ ባለማሳውን «ስጥ» አይለውም፤ «ተው» ነው የሚለው። ድኻው እጁን ዘርግቶ አይቀበልም፤ ራሱ ገብቶ ይለቅማል። ስሙ ከመዝገብ አይጠራም፣ ምስጋናም አይጠበቅበትም። ተሰልፈን ራሽን የተቀበልን ሰዎች ልዩነቱን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። እህሉ ያው እህል ነው፤ ነገር ግን በአንደኛው ዘንድ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ በሌላው ዘንድ ግን ያለው ማሳው ብቻ ነው።

ይህን ምዕራፍ ገዳሪፍ ላይ ሆኖ ማንበብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የዚህ አገር የትራክተር እርሻ እ.አ.አ. በ1940ዎቹ የእንግሊዝን ጦር ለመቀለብ የተጀመረ ሲሆን፣ አንዱ ይዞታ 1,000 ፌዳንና ከዚያም በላይ ነው። እ.አ.አ. በ1970 የወጣው የሱዳን ሕግም ያልተመዘገበውን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ታዲያ የዚህን ያህል የሰሊጥና የማሽላ ማሳ «ዳሩ» የቱ ነው? የአይሁድ ሊቃውንት የዳሩን መጠን በሚሽና ሲወስኑ ከ60 እጅ አንድ እጅ እንዳያንስ ብለዋል። ብናሰላው ከ1,000 ፌዳን ላይ ከ16 ፌዳን በላይ ይወጣል። በቀን ሥራ ለሰሊጥ አጨዳ የወጣ ሰው ይህን ስሌት ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ስለ ብድር የተጻፈው አጭር ነው፤ ግን ከኦሪት ዘዳግም ሁሉ እኛ አብልጠን የምናደንቀው እርሱን ነው። መያዣ ሊወስድ የመጣ አበዳሪ ከተበዳሪው ቤት አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዕቃውን የሚያወጣለት ባለቤቱ ነው። ወፍጮም ሆነ መጅ በመያዣነት አይወሰድም። የድኻ ልብስ የተያዘ እንደሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። ባለዕዳም በቤቱ ጌታ መሆኑን ለማሳየት ጸሐፊው አንድ ደጃፍ ብቻ በቅቶታል።

ወደ ኢዮቤልዩ ስንመጣ ነገሩ ወደ አገራችን ይቀርባል። በሕጉ መሬት ለዘለቄታው አይሸጥም፤ የሚሸጠው እስከ 50ኛው ዓመት ድረስ ያለው የአዝመራ ብዛት ነው። ዓመቱ ሲደርስ መሬቱ ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል። ርስትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፣ መሸጥ መለወጡን ከለከለ፣ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ጭሰኝነትን ማስቀረቱን ማንም ሊክደው አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ጸናበት።

ላይ ላዩን ሲታይ ኦሪቱ ራሱ ነው። ልዩነቱ ከባለቤቱ ላይ ነው። በኦሪት ባለመሬቱ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ንጉሡም እንደማንኛውም ሰው መጻተኛ ነው። ስለዚህም አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ እያማረው ሊነካው አልቻለም፤ ኤልዛቤል የሐሰት ምስክር አቁማ ሰውየውን እስክታስገድል ድረስ አኩርፎ ተኛ። በእኛ ዘንድ ግን «የሕዝብና የመንግሥት» ተብሎ ሥልጣኑ ሁሉ ወደ መንግሥት በማዘንበሉ የሐሰት ምስክር እንኳ አላስፈለገም፤ ስብሰባ በቂ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራት» እየተባሉ ይዞታቸው ተቀነሰ። ኢዮቤልዩ መሬት ሲመልስ በማን ዘመን ምን ሠርተህ ነበር ብሎ አይጠይቅም።

ሕጉን ስናመሰግን ጉድለቱን አንሸፍንም። በቅጥር ከተማ ያለ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠ ለገዢው ይጸናል። ከባዕድ ወገን የተገዛውን ባሪያ ኢዮቤልዩ ነፃ አያወጣውም። ያው ምዕራፍ እስራኤልን ሁሉ መጻተኛ ካለ በኋላ ባዕዱን በባርነት መተዉ ከባድ ቅራኔ ነው። በበዓሉ ዘመን መሬት መመለሱን የሚተርክ ታሪክም በነገሥት መጻሕፍት አናገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ኦሪትን ከማንም አጥብቀው የያዙት በመሬት በኩል የደረሰባቸው ነው። በጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን እየጠበቁ፣ ለብዙ ዘመን ርስት ያልነበራቸው ጭሰኞች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በትውፊት እንደሚነገረው ርስት የተከለከሉት ከ15ኛው መቶ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ጀምሮ ነው። የ1967ቱ አዋጅ መሬት ቢፈቅድላቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተሰደዱ። በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ይህ የእኛው አካባቢ፣ ኡም ራኩባ፣ ተቀበላቸው፤ በመንገድና በመጠለያ በሺህ የሚቆጠሩት አለቁ። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ከካርቱም፣ በመጋቢት ደግሞ ወደ 500 የሚሆኑ ከገዳሪፍ አጠገብ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ያው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። ኦሪት ዘዳግም ከጌታው የሸሸ ባሪያ ተላልፎ አይሰጥ፣ ራሱ በመረጠው ከተማ ይቀመጥ ይላል። እ.አ.አ. የ1974ቱ የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ደግሞ ስደተኛ መሬት እንዳይኖረውና ከተመደበለት ቦታ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ደንግጎ ነበር።

ስለ ኋላው መሬታችን ለሚጠይቁን ጓደኞች ከሕጉ ይልቅ አንድ ታሪክ እንጠቁማለን፤ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ሱነማዊቷ ሴት ኤልሳዕ ነግሯት ከራብ ሸሽታ በፍልስጥኤም አገር 7 ዓመት ተቀመጠች። ስትመለስ ቤቷንና እርሻዋን ሌላ ሰው ይዞት አገኘች መሰለን፣ ወደ ንጉሡ ሄዳ ጮኸች። ንጉሡ ለምን ሸሸሽ አላላትም፤ ማን ፈቀደልሽም አላላትም። አንድ ሹም መድቦ ቤቷንና እርሻዋን፣ ከሄደችበትም ቀን ጀምሮ መሬቱ ያፈራውን እህል ሁሉ አስመለሰላት።