ለሸክም የሚመጥን ካምሻፍት

እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1996 ድረስ የተመረተው የፎርድ ፒክአፕ ባለ 4.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ካምሻፍት ሲመረጥለት ማየት ደስ ይለኛል።

ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። በላዩ ያሉት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉብታዎች ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ እስከ መቼ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናሉ። የሞተሩ ጠባይ ያለው እዚያ ነው።

ትልቁ ካም ድምፁ ያስጎመጃል። ነገር ግን ቫልቩን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ስለሚያቆይ ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይወስደዋል፤ መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲነሳ ይልፈሰፈሳል። አስተዋይ መካኒክ አስቀድሞ ስለ ሥራው ይጠይቃል፦ ምን ትጭናለህ? መንገድህስ? ከዚያ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት የሚሰጠውን፣ መጠነኛውን ይመርጣል።

አገባቡም ጥንቃቄ አለው። ጉብታዎቹ ወፍራም ቅባት ይቀባሉ፤ በጉብታዎቹ ላይ የሚያርፉት ታፔቶችም አዲስ ይሆናሉ። ሞተሩ እንደተነሳ 20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይሠራል፤ ብረትና ብረት የሚላመዱት ያኔ ነው።

ለአሮጌ ሞተር ትልቁ አክብሮት ይህ ነው፦ የተፈጠረበትን ሥራ አውቆ፣ ልኩን መስጠት።