በፍቅር ስም የተወሰደ፦ ቤተሰብና አስማት በዳያና ዊን ጆንስ «ቻርምድ ላይፍ»

ለልጆችና ለወጣቶች በሚጻፍ ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ ወላጆቹን ያጣ ልጅ የተለመደ መነሻ ነው። ደራሲው እናትና አባትን ገና በመክፈቻው ምዕራፍ ያሰናብትና ልጁን ከጠላቱ ጋር ለብቻው ያፋጥጠዋል። ጠላቱም ብዙውን ጊዜ ባዕድ ነው፤ ክፉ ጠንቋይ፣ ጨካኝ አሳዳጊ፣ ከሩቅ የመጣ ገዥ። በእኛ ተረቶችም ቢሆን ጥፋቱ ቶሎ የሚላከከው በእንጀራ እናት ላይ ነው። እንግሊዛዊቷ ዳያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመችው «ቻርምድ ላይፍ» ግን በዳዩን ከአንድ ማሕፀን ያወጣዋል። ልቦለዱ በማግስቱ ዓመት የጋርዲያንን የልጆች ልቦለድ ሽልማት አግኝቷል፤ በክሬስቶማንሲ ስም የሚታወቁት ተከታታይ መጻሕፍት መጀመሪያም እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በቀልዱና በፈጠራ ብልጭታው ነው። ውዳሴው ተገቢ ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አስማት በቤተሰብ መካከል ማን ከማን ምን እንደሚወስድ የሚመዘገብበት ሒሳብ ነውና። ዋናው ጥያቄም አንድ ልጅ የሚወዳት እህቱ ያለውን ሁሉ ስትወስድበት እንዴት ሳያውቀው ቀረ የሚለው ነው።

ታሪኩ በመርከብ አደጋ ይጀምራል። የካት ቻንት ወላጆች ሰጥመው ሲሞቱ እርሱ ታላቅ እህቱን ግዌንዶሊንን ሙጥኝ ብሎ ይተርፋል። ጠንቋይ ውኃ አይበላትም፣ ግዌንዶሊንም ጠንቋይ ናት፤ ስለዚህ ካት ሕይወቴን ያተረፈችልኝ እህቴ ናት ብሎ ያምናል፣ አንባቢም አብሮት ያምናል። አስማት እንደ ማንኛውም ሙያ የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት በዚያ ዓለም ሁለቱን ልጆች የምታሳድጋቸው ጎረቤታቸው ሚስስ ሻርፕ ራሷ ባለ ምስክር ወረቀት ጠንቋይ ናት። ከወላጆቻቸው ከተረፈው ንብረት መካከል ታዋቂ ሰዎች የፈረሙባቸው ደብዳቤዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም ለግዌንዶሊን የአስማት ትምህርት ክፍያ ሆነው ለመምህሯ ለሚስተር ኖስትረም ይሄዳሉ። የሁለት ልጆች ውርስ ለአንዷ ጥቅም ሲውል ማንም አያጉረመርምም፤ ካትም ጭምር። ነገሩ በጥቂት መስመር ስለሚያልፍ በመጀመሪያ ንባብ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የመጽሐፉ ንድፍ ግን በሙሉ እዚህ ላይ ተሠርቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚሁ ድርጊት ግዙፍ ቅጂ ነው።

ግዙፉ ቅጂ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። በመጽሐፉ ዓለም አንድ ሰው በሌሎቹ ዓለማት አምሳያ ከሌለው፣ ለአምሳያዎቹ ሊከፋፈሉ የሚገባቸው ነፍሶች ሁሉ እርሱ ዘንድ ይጠራቀማሉ፤ ዘጠኝ ነፍስ ያለው ታላቅ አስማተኛም ይሆናል። ምንም ተሰጥዖ የሌለው የሚመስለው ካት እንዲህ ያለ ሰው ነው። እንግሊዞች ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ስለሚሉ ቅጽል ስሙ ራሱ ገና ከመነሻው የተሰጠ ፍንጭ ነበር። ግዌንዶሊን ይህን ታውቃለች። ስሟን ያስጠሩላትን አስማቶች የምትሠራው ከእርሱ በምትቀዳው ኃይል ነው፤ ነፍሶቹንም በክብሪት እንጨቶች ውስጥ አኑራለች። አንዷን ደግሞ በቫዮሊኑ ውስጥ አድርጋ ቫዮሊኑን ፊድል የምትባል ድመት አድርጋዋለች። አንባቢ ክብሪቱን ቀደም ብሎ አይቶታል፤ ሦስቱ እንጨቶች ተቃጥለዋል፣ ማንም ግን አልጠየቀም። በመጨረሻ አንዷ ክብሪት ስትጫር እሳቱ የሚነሣው ከካት ሰውነት ላይ ነው። አስማት ይህን ያህል ተጨባጭ ሒሳብ ሆኖ የቀረበበት የወጣቶች ልቦለድ ብዙ አይደለም። ሌላ ደራሲ «የእህትየዋ ራስ ወዳድነት ወንድሟን አሟጠጠው» ብላ በምሳሌ የምታልፈውን ጆንስ ቃል በቃል ትፈጽመዋለች፤ የጠፋው ነገር ይቆጠራል፣ የቀረውም ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ የሚያደርገው የትረካው አንጻር ነው። ተራኪው በሦስተኛ መደብ ቢናገርም ከካት ዓይን አይርቅም፤ የካት ዓይን ደግሞ እህቱን ያደንቃል። ስለዚህ ኃያሉ አስማተኛ ክሬስቶማንሲ ልጆቹን ወደሚኖርበት ግንብ በወሰዳቸው ጊዜ ግዌንዶሊን የተበደለች ጎበዝ ልጅ፣ የግንቡ ሰዎች ደግሞ ዋጋዋን ያልተረዱ ደረቆች መስለው ይታዩናል። ዛፎችን ነቅላ ከመስኮቱ ሥር ስታሰልፍ፣ ያማረውን ሣር ፍልፈል ስታስቆፍረው አብረናት እንስቃለን። የሳቃችን ዋጋ በኋላ ይመጣል፤ ያሳቀን ተንኮል ሁሉ የተሠራው ከጎኗ በቆመው ልጅ ኃይል ነበር። ደራሲዋ ማስረጃውን አልደበቀችም፤ ፊት ለፊት አስቀምጣ እኛ እንደ ካት እንዳናየው አደረገች። እዚህ ላይ አለማወቅ የእውቀት ጉድለት መሆኑ ቀርቶ የፍቅር ልማድ ይሆናል። ካት ኃይሉን የማያውቀው ማወቅ እህቱን ማጣት ስለሚሆንበት ነው፤ ከእርሷ በቀር ማንም የቀረው የለም።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ጣትን ወደ አዋቂዎቹ ይቀስራል። ክሬስቶማንሲ ኃያል ነው፤ የአስማትን ሥርዓት የሚያስከብር የመንግሥት ሹምም ነው። እርሱ ዝም ብሎ እያየ ጥፋቱን በአንዲት ልጃገረድ ላይ መጫን ፍትሕ ይባላልን? ተቃውሞው እውነት አለው። የግንቡ ሰዎች ካትን ማንነቱን አልነገሩትም፤ እያወቀ ከእህቱ ጋር የሚዶልት መስሏቸው ይጠረጥሩትም ነበር። አንድ ቀን ቁጭ አድርገው ቢያነጋግሩት ግማሹ መከራ በቀረ ነበር። ነገር ግን ልቦለዱ ይህን የሚያልፈው ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም። ጆንስ የሁለቱን ወገኖች ዝምታ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ልጁ ስለሚፈራ አይናገርም፣ አዋቂዎቹ ስለሚጠረጥሩ አይጠይቁም፤ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ለግዌንዶሊን ይመቻታል። ክሬስቶማንሲም ያለ እንከን አልቀረበም። በብር ሲታሰር አቅም ያጣል፤ በግንቡ የአትክልት ስፍራ ጠላቶቹ በያዙት ሰዓትም ያ የተጠራጠረው ልጅ ያስፈልገዋል። እርግጥ ነው፣ ደራሲዋ ለዚህ ሰው ያላት ፍቅር ከሚገባው በላይ ነው፤ ያማሩ የቤት ካባዎቹን በመግለጽ የምታጠፋውን ቀለም ያህል ስለ ስሕተቱ ብትጽፍ መጽሐፉ ባልተጎዳ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ መጨረሻውን ይመለከታል። ግዌንዶሊን ወንድሟ እንዲሠዋ ትስማማለች፤ ሳይሳካ ሲቀርም ንግሥት ወደሆነችበት ሌላ ዓለም ሄዳ በሩን በራሷ ላይ ትዘጋለች። ይቅርታ አትጠይቅም፣ አታለቅስም፣ አትመለስም። ለወጣት አንባቢ ይህ ጭካኔ አይደለምን የሚሉ አሉ። ለንጽጽር ሲ. ኤስ. ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው የመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ ኤድመንድ ወንድሙንና እህቶቹን ይክዳል፣ ይቅር ይባላል፣ ነገሥታት ከሚሆኑት አራቱ አንዱም እርሱ ነው። ልዊስ በኦክስፎርድ ሲያስተምር ጆንስ ከአድማጮቹ አንዷ ነበረች፤ ይህን መንገድ ታውቀዋለች፣ ግን አልመረጠችውም። ኤድመንድ ጥፋቱን የሚሠራው በጠንቋይዋ ተታሎ ነው። ግዌንዶሊንን ግን ያታለላት የለም፤ በኖስትረምና በመሰሎቹ ብትታገዝም ፍላጎቱ የራሷ ነው። እርቅን የግድ ማድረግ ተበዳዩ ልጅ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ እንደገና እንዲሰጥ መጠየቅ ይሆን ነበር። ካት የእህቱን እውነተኛ መልክ አይቶ ያዝናል፤ ኀዘኑ ቅጣት አይደለም፣ መራራ ነፃነት ነው። በደል የደረሰበትን ልጅ «ደሟ ደምህ ነው፣ ቻል» ለማይለው መጽሐፍ በወጣቶች መደርደሪያ ላይ ቦታ ያስፈልገዋል።

ይህን ጥብቅነት ከደራሲዋ የልጅነት ታሪክ ማውጣት ቀላል ነው። በኤሴክስ በምትገኘው ታክስተድ ከሁለት እህቶቿ ጋር በቸልታ አድጋለች፤ አባቷ የአርተር ራንሰምን መጻሕፍት ገዝቶ ቆልፎ ለሦስቱ ሴት ልጆቹ በዓመት አንድ ብቻ ይሰጣቸው እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ግን ይህ ታሪክ ቅንጣት ያህል ብቻ ይጠቅመናል። በእርሷ ቤት የነፈጉት ወላጆች ናቸው፤ በልቦለዱ የምትወስደው እህት ናት። ታሪኩ ንፍገት ምን እንደሚመስል ታውቅ እንደነበር ይነግረናል፤ የክብሪቱን ፈጠራ ግን አያብራራልንም።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጃኔት ጉዳይ ነው። ግዌንዶሊን ስትሸሽ በቦታዋ ከእኛ ዓለም እንግሊዝ ተስባ የመጣችው ይህች አምሳያ በመልክ ግዌንዶሊንን የምትመስል፣ በልብ ግን ካት ልትኖረው ይገባ የነበረች ዓይነት እህት ናት። በመጨረሻ ወላጆቿ ዘንድ የተተካችው ሌላ አምሳያ እዚያ ደስተኛ ስለሆነች ጃኔት ለመቅረት ትወስናለች። ስለ ነጠቃ ይህን ያህል በጥንቃቄ የጻፈች ደራሲ አንዲት ልጅ እናትና አባቷን ስትለቅ በጥቂት አንቀጽ ታልፈዋለች፤ ካት የሚያገኘው አዲስ ቤተሰብም በከፊል የተገነባው በጃኔት ኪሳራ ነው። እያንዳንዱን ክብሪት የቆጠረው መጽሐፍ ይህን አልቆጠረም፤ ትልቁ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው።