ኢዮብ ታግሦ ነበር እንዴ?

ባለፈው ጥር ወር የአንድ ዶርማችን ልጅ እናት ዐረፉ። ስድስት ሆነን በአውቶቡስ ተሳፍረን ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጥን፣ አንድ ሽማግሌ ከወደ ጥግ ተነሥተው ወደ ጓደኛችን ጠጋ አሉና ትከሻውን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» አሉት። እሱም «አሜን አባባ» አለ። እኛም አሜን አልን። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወደ ዶርም ከተመለስን በኋላ ግን፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ተኝቷል ስል፣ ከላይኛው አልጋ ድምፁ መጣ፦ «ስማ እንጂ፣ ኢዮብ ግን ታግሦ ነበር እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ያህል ነበር። ሀብቱን አጣ፣ ልጆቹ ሞቱበት፣ ገላው ቆሰለ፣ ዝም ብሎ ቻለ፣ በመጨረሻም እጥፍ ተሰጠው። በማግስቱ ላይብረሪ ገብቼ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው። ስብከት አይደለም፤ ለስብከቱ እኔ ማን ነኝና! የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድን ድርሰት በሚያነብበት ዐይን ለማንበብ የተደረገ ሙከራ ነው። ያገኘሁት ነገር ግን ከክፍል ሥራ ያለፈ ሆነብኝ።

በመጀመሪያ የድርሰቱን አወቃቀር እንመልከት። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎችና የመጨረሻው ምዕራፍ አጋማሽ በዝርው የተነገረ ታሪክ ነው። የቀረው፣ ማለትም ከምዕራፍ 3 እስከ 42 መጀመሪያ ድረስ፣ ከአንዳንድ ማያያዣ ዐረፍተ ነገር በቀር ግጥም ነው። እንግዲህ ለቅሶ ቤት የምናውቀው ታጋሹ ኢዮብ የዝርዉ ኢዮብ ነው። መካከል ላይ ያለው ኢዮብ ሌላ ሰው ይመስላል፤ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 የኢዮብን ትዕግሥት ስለሚያነሣ ዝናው በዚያ በኩል ቀርቶልን ይሆናል። ይሁንና አንድን ልብ ወለድ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብቦ «ጨረስሁት» የሚል ሰው ቢያጋጥመን አንሥቅበትም እንዴ? በኢዮብ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የመግቢያው አተራረክ የሚደነቅ ነው። ደራሲው በቁጥር ይጀምራል፦ 7,000 በግ፣ 3,000 ግመል፣ 500 ጥማድ በሬ፣ 500 እንስት አህያ፤ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች። ከዚያ በአንድ ቀን አራት መልእክተኞች ይመጣሉ። አንዱ ነግሮ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርሳል፣ እሱም አፉን ሳይዘጋ ሦስተኛው፣ ከዚያም አራተኛው። በእኛ አባባል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸ ነው። ተራኪው «ኢዮብ እጅግ ደነገጠ» ብሎ አያብራራም፤ ፍጥነቱ ራሱ ድንጋጤ ይሆናል። የልጆቹም ሞት መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ያለ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምጸቱ ነው። እኛ አንባቢዎች በሰማይ ሸንጎ የተባለውን ሰምተናል፤ ከሳሹ «ይህ ሰው የሚፈራህ ስለ ጥቅሙ ነው» የሚል ነገር እንዳነሣና ፈተናው ከዚያ እንደ መጣ እናውቃለን። ኢዮብ አያውቅም። ልብ በሉ፤ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ የሚነግረው የለም። ቁስሉ ይድናል፣ ሀብቱ ይመለሳል፣ ምክንያቱ ግን አይነገረውም። ደራሲው ሊነግረው ቢፈልግ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። አልፈለገም። እኔ እንደሚመስለኝ የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረን በኋላ የምናደርገው ነገር መስማማት ሊባል ይችል ይሆናል እንጂ መታመን አይባልም።

ስለ ሚስቱም አንድ ቃል ልበል። በዕብራይስጡ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግራ ትጠፋለች፤ ለዚችው ዐረፍተ ነገር ስንት ዘመን ተወቅሳለች! የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ግን ረዘም ያለ ንግግር ሰጥቷታል፤ በከንቱ የወለደቻቸውን ልጆች፣ ከቤት ቤት እየዞረች የምትሠራውን የቀን ሥራ ታነሣለች። ተርጓሚው የተሰማው ነገር አለ ማለት ነው። ዐሥሩ ልጆች የኢዮብ ብቻ አልነበሩም እኮ! ጓደኛችን ይህን ስነግረው «አባቴንም ማንም አልጠየቀውም» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም።

አሁን ወደ ሦስቱ ወዳጆች እንምጣ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ ደግ ነገር ሠርተዋል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ እኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ማለት ነው። ጥፋታቸው የሚጀምረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የሚሉት በልዩ ልዩ ቃል አንድ ነገር ነው፦ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ጻድቅም ያለ በደል አይቀጣም፣ ስለዚህ አንተ በድለሃል፣ ንስሐ ግባ። ሐሳቡ ሲታይ መንፈሳዊ ይመስላል። ሲመረመር ግን የሂሳብ መዝገብ ነው፤ በግራ ሥራ፣ በቀኝ ዋጋ። እምነታቸው በእግዚአብሔር ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው፤ መዝገቡ እንዳይፋለስባቸው ሲሉ ወዳጃቸውን ወንጀለኛ ለማድረግ አይመለሱም። ኤልፋዝ በምዕራፍ 22 ላይ ኢዮብ ፈጽሞ ያላደረገውን ኃጢአት እስከ መዘርዘር ይደርሳል።

ደራሲው ይህን ክርክር በምን ዘዴ እንደሚያሸንፈው ተመልከቱ። ክርክሩ ሦስት ዙር ነው። በሦስተኛው ዙር በልዳዶስ ያለው ንግግር ስድስት ቁጥር ብቻ ሲሆን ሶፋር ጭራሹን ተራው አይደርሰውም። የኢዮብ ንግግር ግን እየረዘመ ይሄዳል። በኋላ ኤሊሁ የተባለ ወጣት ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ቢናገርም መልስ የሚሰጠው ሰው የለም። ነገራቸው እንዳለቀ ማንም ሳይነግረን በቅርጹ አየነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነው። ወዳጆቹ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስለ እግዚአብሔር ይናገራሉ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ እግዚአብሔርን አያናግሩም። ለእነሱ «እሱ» ነው። ኢዮብ ግን ለወዳጆቹ እየመለሰ ሳለ መካከል ላይ ፊቱን ያዞርና «አንተ» ማለት ይጀምራል። ምነው እንዲህ አደረግኸኝ፣ ምን በደልሁህ፣ ምነው ፊትህን ሰወርህብኝ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። ዐማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው። «ምነው» የሚለውን ቃል ለባዕድ ሰው አናወጣውም፤ ምነው የምንለው ተስፋ ያደረግንበትን ሰው ነው። እናቶቻችን ለቅሶ ላይ «ምነው ጌታዬ!» ሲሉ ማን ነው እምነት የላቸውም የሚል? እምነት ባይኖራቸውማ ማንን ነው የሚጠይቁት?

የኢዮብ ቋንቋ ደግሞ የችሎት ቋንቋ ነው። ዳኛ ይፈልጋል፣ በሁለቱ መካከል የሚቆም ገላጋይ ይመኛል፣ የክሱን ጽሑፍ አሳዩኝ ይላል፣ በምዕራፍ 31 ላይ ፊርማውን አስቀምጦ መልስ ይጠብቃል። እኛም ዳኛ ፊት «አቤት!» እንላለን፣ ወረቀቱንም «አቤቱታ» ብለነዋል። ከዚያው ቃል ደግሞ የጸሎታችን መክፈቻ «አቤቱ» አለ። አንድ ቋንቋ ጸሎትንና ክስን በአንድ ቃል ሲያቆራኝ የሚያውቀው ነገር አለ። ኢዮብ ወደ ሌላ ዳኛ ይግባኝ አላለም፤ በእግዚአብሔር ላይ ያለውን አቤቱታ ለራሱ ለእግዚአብሔር አቀረበ። እኔ መታመን የምለው ይህን ነው።

ከዚያ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ይናገራል። እዚህ ላይ ከክፍላችን ልጆች አንዱ «ይኸማ መልስ አይደለም፣ ማስፈራራት ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰውየው ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፤ የሚመጣለት ስለ ምድር መሠረት፣ ስለ በረዶ ጎተራ፣ ስለ ሜዳ አህያና ስለ ሰጎን፣ በመጨረሻም ስለ ሁለት ታላላቅ አውሬዎች ነው። ምክንያት የሚባል ነገር የለበትም። ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ኢዮብ ሲለምን የነበረው ማብራሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቀርቦ መነጋገር ነበር፤ ያንን አግኝቷል። ሁለተኛ፣ ከጥያቄዎቹ መካከል ማንም ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ስለሚዘንብ ዝናብ የሚያነሣ አለ። የወዳጆቹን መዝገብ የሚያፈርሰው ይኸው ነው። ማን ሠርቶ ነው ያ ዝናብ የወረደለት? ለማን ዋጋ ነው? ዓለም በሥራና በደመወዝ ብቻ የምትሄድ ከሆነ ያ ዝናብ ትርፍ ነው።

ፍርዱ በምዕራፍ 42 ይሰጣል፤ የሚገርመው ለማን እንደሚሰጥ ነው። እግዚአብሔር ኤልፋዝን ተቆጥቶ፣ ስለ እኔ የቀናውን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም የሚል ቃል ያሰማዋል። ጠበቆቹ ተረቱ፣ ከሳሹ ረታ! ወዳጆቹ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ይታዘዛሉ። ምርኮው የተመለሰለትም ለእነሱ በጸለየ ጊዜ ነው።

ከመጨረሻው ጋር ግን እኔም አቤቱታ አለኝ። ከብቱ በሙሉ እጥፍ ሆነ፤ 14,000 በግ፣ 6,000 ግመል። ልጆቹ ግን እንደ ፊቱ 7ና 3 ናቸው፤ አልተጠፉም። አንዳንዶች ይህን ሲያብራሩ፣ የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ቁጥሩ በእርግጥ እጥፍ ነው ይላሉ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው። ደራሲው ግን አላለውም። የሞቱትን ዐሥር ልጆች ስም እንኳ አልነገረንም፤ በኋላ የተወለዱትን ሦስት ሴቶች ግን በስም ጠርቶ፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት እንደ ተካፈሉ ይጨምራል። አሜሪካዊው አርቺባልድ ማክሌሽ እ.ኤ.አ. በ1958 ታሪኩን ወደ ዘመናችን አምጥቶ «ጄ.ቢ.» የሚል የመድረክ ግጥም ሲጽፍ ከዚሁ መጨረሻ ጋር ታግሏል። እኔ የምለው፣ ይህን መጨረሻ እንደ ካሣ ካነበብነው ወደ ወዳጆቹ መዝገብ ተመለስን ማለት ነው። ልጅ በልጅ አይካስም። ይልቅ ያን ሁሉ ያየ ሰው እንደገና ልጅ ለመውለድ መድፈሩን ብናይ ይሻላል። እንደገና የሚሞት ነገር መውደድ ትንሽ እምነት አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለእኛም ጽሑፍ ይበጅ እንደሆነ ብዬ ነው። ለዚች መጽሔታችን ከሚመጡት አጫጭር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ አንድ መንገድ ይከተላሉ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ይቸገራል፣ በገጽ ሦስት ላይ ተንበርክኮ ይጸልያል፣ በገጽ አራት ላይ ሥራ ወይም ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ አበቃ። በዝርዉ ጀምረው በዝርዉ ይጨርሳሉ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ምዕራፍ የለም። ጸሐፊዎቹ እምነትን ያከበሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የኤልፋዝን ሥራ የሠሩ ይመስለኛል፤ ስኮላርሺፑን ያላገኘው አንባቢ «እኔስ ምን በድዬ ነው?» እንዲል ትተውታል። መጽሐፈ ኢዮብ ጩኸቱን አልሰረዘም፤ ቅዱስ ከተባሉት መጻሕፍት መካከል አስቀመጠው። ከእሱ ይበልጥ ጠንቃቃ እንሁን ማለት ያስተዛዝባል።

ለጓደኛዬ ጥያቄ ያለኝን መልስ እነሆ፦ ታግሦ ነበር፣ ግን ዝም አላለም። ሽማግሌውም አልተሳሳቱም፤ የመረቁት ምናልባት ካሰቡት በላይ ሆኖ ነው እንጂ። የኢዮብን ትዕግሥት የተመኘ ሰው የኢዮብን ጩኸትም አብሮ ተመኝቷል። ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እንግዲያው ዛሬ ማታ ትንሽ ብጮኽ አትነሣብኝ» አለኝ። አልተነሣሁም።

በዚህ ንባብ የማይስማማ ካለ፣ በተለይ የዐውሎ ነፋሱን ንግግር ማስፈራራት ነው ያለው ጓደኛችን፣ ለሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ።