ሽማግሌውን ማን አመሰገነው?

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ ምስጋናውን ይደረድራል። አዳራሹን ያስዋቡትን፣ ኬኩን የሠሩትን፣ ቪዲዮ የሚያነሱትን፣ ሚዜዎቹን፣ ከባሕር ማዶ ድረስ የመጡትን ዘመዶች አንድ በአንድ እየጠራ አስጨበጨበላቸው። ከእኔ ጠረጴዛ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጭብጨባው በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ከልጅቷ አባት ደጅ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። በድምፃቸው ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲሁ እንዳውቀው ያህል ነው። «እንኳን ደስ ያለዎት አባባ» ብላቸው፣ «ለደስታው ገና ነው፤ የኔ ሥራ ነገ ነው የሚጀምረው» ሲሉ መለሱልኝ።

ያ መልስ ከሠርጉ ቤት እስከ ቤቴ፣ ከቤቴም እስከ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ተከተለኝ። ለመሆኑ ሁለት ሰዎችን ለሚያገናኝ ሰው ያለን ክብር ምን ያህል ነው? በተለይ ድርሰቶቻችን፣ ተውኔቶቻችንና ፊልሞቻችን ሽማግሌውን እንዴት አድርገው አዩት? ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። ሽማግሌ የሚላከው ዝም ብሎ ደጅ ለማንኳኳት አይደለም። ከመሄዱ በፊት የልጁን ጠባይ ያጠናል፤ የሁለቱን ወገን ዘር ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩን ያጣራል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለትና ሦስት ሆኖ ገሥግሦ የሚሄደው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባል፣ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። አባት በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይልም። «ከቤተ ዘመድ ልምከርበት» ብሎ ቀን ይቆርጣል። ሽማግሌው ይመለሳል፤ ካልሆነም ደግሞ ይመለሳል። ነገሩ ከሰመረ በኋላም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጎጆው ሲናጋ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፤ «አንተ ነህ ያመጣኸው» የሚባለውም እሱ ነው። በሌላ አነጋገር ሽማግሌ መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን ዋስ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። አገናኝ ሁሉ አንድ ስም የለውም። «አማላጅ» ያልነው ሰው የጻድቃንና የእመቤታችን የማማለድ ግብር የሚጠራበትን ቃል ነው የተዋሰው። «ደላላ» ያልነው ደግሞ ያገናኛል፤ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤቱ ቢፈርስ ደላላን የሚጠይቅ የለም። ክብሩ ያለው ማገናኘቱ ላይ ሳይሆን ከማገናኘቱ በኋላ ባለው ተጠያቂነት ላይ መሆኑን ቃሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ወደ ሥነ ጽሑፋችን ስንመጣ ግን ሽማግሌው አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ አያልፍም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሰምቶታል። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሽማግሌ ያጣ ቤት አልነበረም። ችግሩ አባትየው ለሰብለ ወንጌል በትውልድ አቻ የሚሆን ሰው በማጣታቸው የመጣውን ሁሉ መመለሳቸው ነው። ሽማግሌ በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ የሚመለስ ሰው ነው። ከመሸሻ ኩራት ጋር ተጋጭቶ ይሄዳል፤ የልጅቷ ዕድሜም አብሮት ይሄዳል።

ሐያስያን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ብዙ ጽፈዋል። ከልብ ያላየነው አንድ ነገር ግን ያለ ይመስለኛል። የመጽሐፉ መከራ ሁለት ወጣቶች መዋደዳቸው ብቻ አይደለም፤ ለበዛብህ የሚሄድለት ሽማግሌ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሊገኝ አለመቻሉም ነው። ከገበሬ የተወለደ የቆሎ ተማሪ ወደ መሸሻ ደጅ ማንን ይልካል? የሚላከውስ ምን ብሎ ይቆማል? ልማዱ ለእኩያ ለእኩያው በር አበጅቷል፤ ለእኩያ ላልሆኑት ግን በር የለውም። ስለዚህ አማላጅነቱ የወደቀው የልማዱ ጠላት በሆነው በጉዱ ካሳ ላይ ነው። አገሩ እንደ እብድ የቆጠረው ካሳ ለሁለቱ የሚቆረቆር፣ የሚመክር፣ የሚያሸሽ ሆነ። የሽማግሌነትን ስም ባያገኝም ዕዳውን ተሸክሟል፤ እስከ መጨረሻውም ከሁለቱ ዕጣ አልተለየም። እንደኔ አስተያየት በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ታላቁ አገናኝ እሱ ነው። ነገር ግን ጉዱ ካሳን ስናነሳ ፈላስፋነቱንና ዐመፀኛነቱን እንጂ ይህን አናነሣለትም።

ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ደግሞ ነገሩን በሳቅ ነው የያዘው። በ1950ዎቹ የጻፋቸው ሁለቱ ተውኔቶች ሁለቱም ከሽማግሌ መንገድ ውጭ ስላለ ጋብቻ ናቸው። «ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ሰው የቤቱን ሠራተኛ ለማግባት ሲነሣ ያሳየናል። ፊታውራሪ መሸሻን ያሳበደው «አቻ» የሚለው ቃል እዚህ ከርዕሱ ጀምሮ ይሾፍበታል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ወደ ጠለፋ ልማድ ሲመለሱ የሚፈጥሩትን ግርግር መሳቂያ ያደርገዋል። የመንግሥቱ ጨዋታ ጥልቅ ነው፤ የሚስቀው በገበሬው ላይ ሳይሆን ትምህርቱን ከኮቱ ጋር ደርቦ ልቡን ባልቀየረው ከተሜ ላይ ነው። እኔም ስስቅ ነው ያነበብኩት።

ዳሩ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ጠለፋ በእውኑ ዓለም የሚያበቃው በማን እጅ ነው? በሽማግሌ እጅ ነው። ልጅቷ በጉልበት ከተወሰደች በኋላ የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ደም እንዳይፈስ ዕርቅ ይወርዳል፤ ጠለፋው «ጋብቻ» የሚል ስም ይወጣለታል። ይኸው የተከበረ አማላጅ፣ ይኸው ነጭ ጋቢ፣ ይኸው ምርቃት እዚህ የበደል መሸፈኛ ይሆናል። ሕጉም ለረጅም ጊዜ አብሮት ሄዷል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ወድዳ በሕግ ካገባችው ጠላፊው እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር። «ወድዳ» የሚለው ቃል ከሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ለቆመች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። ይህን በር የዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በእሱ መሠረት ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የቀረበው «ድፍረት» ፊልም ትልቁ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊልሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውን ከደረሰ ጉዳይ የተነሣ ነው። ተጠልፋ የነበረች ልጅ ጠላፊዋን ገደለች፤ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ቆሙላት። በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ክፉ ሰዎች ተደርገው አልተሣሉም። ቋንቋቸው የታረመ ነው፤ ወግ ያውቃሉ፤ ሁሉንም በየተራ ያዳምጣሉ። የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ወጉ ሁሉ ተሟልቶ የልጅቷ ፈቃድ ብቻ ይጎድላል። መንግሥቱ ለማ በሳቅ የተወልንን ጥያቄ ይህ ፊልም በሐዘን መለሰው። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሐያሲ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ሽማግሌነትን እናወድስ ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ታሪክ ጋብቻን የልብ ወለድ መነጋገሪያ ካደረጉት ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። የቀድሞው ሕግ የባልና ሚስትን ፍቺ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ አድርጎ ነበር። አዲሱ ግን የመፋታቱን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌዎቹ የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው። ሽማግሌው ሥልጣኑን አጣ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከዳኝነት ወንበር ወርዶ ወደ ትክክለኛ ቦታው የተመለሰ ይመስለኛል። የማዘዝ ጉልበት የሌለው አስታራቂ የሚከበረው በሚናገረው እውነት ብቻ ነውና።

የዘመናችን ሥዕል ደግሞ ሌላ ነው። በከተማችን ልጅና ልጅ ተዋድደው፣ ቀለበት ተለካክተው፣ አዳራሽ ከተከራዩ በኋላ ነው ሽማግሌ የሚላከው። አባት እሺ እንደሚል ሁሉም ያውቃል። በየፊልሞቻችንም ይህች ትዕይንት አትጠፋም። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጋቢ፣ አንድ ከዘራ፣ ግንባሩን የቋጠረ አባት፣ ከመጋረጃ ጀርባ የምትሥቅ ልጅ። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሽማግሌዎቹ ይወጣሉ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ሠርግ ነው። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሦስት ሰዎች የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ደራሲ አላየሁም። ጌጥ ሆነው መጥተው ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

የቀድሞው ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ልጅቷ ከመጋረጃ ጀርባ እየሣቀች መሆኗ በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እናቷ በዚያው መጋረጃ ጀርባ አልቅሳ ይሆናል። ነገር ግን የወጉን ቅርፊት ይዘን ፍሬውን መጣላችን ያሳስበኛል። በእኛ ቤት አያቴ ላገናኟቸው ባልና ሚስት እንደ ወላጅ ነበሩ። ፋሲካ ሲቃረብ ከሚመጣው አክፋይ አንዱ ከእነሱ ቤት የሚመጣ ነበር፤ ድፎ ዳቦና አንድ ጠርሙስ አረቄ። ልጅ ሆኜ ስጦታውን ብቻ ነበር የማየው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሴትዮዋ ስጦታውን ካስቀመጠች በኋላ ከአያቴ ጋር ጓዳ ገብታ ረጅም ሰዓት ታወራ ነበር። የዓመቱን ብሶት የምትናገርበት ቀን ነበር ማለት ነው። ከዚያ በሳምንቱ አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው «እስቲ እነዚያን ልጆች ልያቸው» ብለው ይወጣሉ። ሽማግሌን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው። አክፋዩም ምስጋና ብቻ ሳይሆን መጥሪያም ነበር።

ታዲያ ይህን የሚያህል ታሪክ ልብ ወለዳችን ለምን ዘለለው? የአፍቃሪዎቹን ስቃይና የአባቶችን ትዕቢት በሚገባ ጽፈናል። በሁለት ቤት መካከል በቃሉ የታሰረውን፣ ባልየው ሲሰክር የሚቀሰቀሰውን፣ «ባታመጣው ኖሮ» ተብሎ የሚረገመውን፣ ምናልባትም አንድ ቀን ደፍሮ «ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ወደ ቤትሽ ልመልስሽ» የሚለውን ሰው ግን ማንም አልጻፈውም። ይህ ሰው የልብ ወለድ ሰው ነው። ግጭት አለው፤ ኅሊና አለው፤ ከሁለት ወገን የሚጎትት ፍቅር አለው። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የሚጽፈው ደራሲ ካገኘ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ወደዚያ ሠርግ ልመለስና ላብቃ። እንግዳው ሲበተን አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሙሽሮቹ ሲሄዱ አየኋቸው። የሄዱት ለልጁ ቢሆንም ወደ ሙሽራው አላመሩም፤ ወደ ሙሽራይቱ እንጂ። እጇን ይዘው፣ «ቤቴን ታውቂዋለሽ ልጄ፤ ቀንም ሆነ ሌሊት በሩ አይዘጋብሽም» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቪዲዮ አንሺው በዚያ ሰዓት መብራቱን አጥፍቶ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።